የሞላሌው ባሕር

ሰኔ 18 ቀን 2016

ይህን ደብተር የጀመርሁት ሰው እንዲያነበው አይደለም። የውሃው ሙቀት በየቀኑ መመዝገብ ስላለበት ነው። ባሕር ኃይል ሳለሁ የሞተር ክፍሉን ሙቀትና ግፊት በየሰዓቱ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወጥቼ እዚህ ሞላሌ ወፍጮ ስጠግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈኝ፤ የመመዝገብ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም።

የእህቴ ልጅ ፈለቀ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እዚያ የሚያውቀው አንድ የውጭ አገር ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ የባሕር ዓሣ የሚያኖርበትን የመስታወት ገንዳ እንዳለ ሰጠው፤ ከነፓምፑ፣ ከነማሞቂያው፣ ከነድንጋዩ። ፈለቀ ውሃውን በአሥራ አንድ ጀሪካን፣ ዓሣዎቹን በወፍራም ላስቲክ አድርጎ ጣርማበር ድረስ አመጣልኝ። ከጣርማበር ወዲህ በአይሱዙ እኔው ራሴ ይዤ መጣሁ። ዓሣዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ መንገድ ላይ ሞቷል።

የቀሩት ሁለቱ ቢራቢሮ ዓሣ ይባላሉ። ቢጫ ናቸው፣ መዳፍ ያህላሉ፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር ሰረዝ አለባቸው፣ አፋቸው እንደ ወስፌ የሾለ ነው። ትልቁና ትንሿ እላቸዋለሁ። ስም አላወጣሁላቸውም።

“ደጋ ላይ የባሕር ዓሣ አይኖርም” ያለኝ ሰው እስካሁን አምስት ደርሷል። እናያለን። አሥራ ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ኖሬ ባሕሩን በቅጡ ያላየሁ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ከታች ሞተር ክፍል ነበር። ከብረቱ ግድግዳ ማዶ ምን እንደሚዋኝ እያሰብሁ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። አሁን በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ማየት አማረኝ። ማንን ነው የማስፈቅደው?

ገንዳውን ያቆምሁት በምሥራቅ በኩል ባለው ክፍል ነው። ባለቤቴ የትምወርቅ መጋቢት ላይ ካረፈች ወዲህ ክፍሉ ባዶ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሙቀት 24። ጨው ልክ ነው። አልበሉም።

ሰኔ 21

አልበሉም። ፈለቀ የላከውን ደረቅ መኖ በተንሁላቸው። ትልቁ አንዷን ጎረሰና ተፋት። ትንሿ ዞርም አላለች።

ሰኔ 25

ልጄ እሌኒ አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች። ነገሩን ባትወደውም የጠየቅኋትን ሽሪምፕ በበረዶ ጠቅልላ በመኪና ላከችልኝ። በሰፈሩ ትልቅ ማቀዝቀዣ ያላት ጎረቤቴ ጌታነሽ ብቻ ናት፤ ምግብ ቤት አላት። ይዤላት ሄድሁ። ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አየችና ወደ ኋላ አለች።

“ጋሽ ገሠሠ፣ ይሄ እኮ በረሮ ነው!”

“የባሕር ነው።”

“የባሕር በረሮ ነዋ!”

በስንት ልመና ተቀበለችኝ። በሦስት ፌስታል ቋጥራ ከታች፣ ከሁሉም ነገር ራቅ አድርጋ አኖረችው። ደንበኛ ሲያየው ምን እንደምትል ጠየቀችኝ። የገሠሠ ነው በይ አልኋት። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ይህ ከተማ አይፈልግም።

ሽሪምፑን በምላጭ አድቅቄ ሰጠኋቸው። ቀርበው አዩት። አልበሉም።

ሐምሌ 2

ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ያወራሉ። እንዳልሰማ የፈለጉ አይመስሉም።

“ገሠሠ ባሕር አመጣ አሉ።”

“ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነካ አድርጎታል።”

“ጠብሶ አይበላቸውም እንዴ?”

ዞር አልሁና “ባሕሩ ቤቴ ነው ያለው። ማየት የፈለገ ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ይግባ” አልኋቸው። አልመጡም።

ሙቀት 25። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርድ ግን ውሻ አያሳድርም። ማሞቂያው ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ሐምሌ 9

ዛሬ ሃያ አንድ ቀናቸው ነው። ከራሳቸው ኋላ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ሥጋ መጎድጎድ ጀምሯል። ያልሞከርሁት ነገር የለም። ከወንዙ ዳር የውሃ ቁንጫ ቀዳሁ። ፈለቀ በቆርቆሮ የላከውን፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሲያድር የሚፈለፈለውን የነፍሳት እንቁላል በሃይላንድ ጠርሙስ ፈለፈልሁ፤ እንደ ሽሮ ዱቄት ደቃቃ ነገር፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ትልቁ ሁለት ሦስቱን ዋጠ። ትንሿ ትቀርባለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች።

ፈለቀ ደወለ። ጅቡቲ ያሉትን ዓሣ አጥማጆች ጠይቆልኛል። “ጋሼ፣ እነዚህ ከድንጋይ ላይ እየለቀሙ ነው የሚበሉት። እየተንሳፈፈ የሚመጣ ነገር ምግብ አይመስላቸውም” አለኝ። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ሽሪምፑን አድቅቄ ድንጋይ ላይ እለጥፋለሁ።

የታመመ ሰው ሳይበላ ስንት ቀን እንደሚቆይ አውቃለሁ። የዓሣውን አላውቅም።

ለየትምወርቅ ለቅሶ የመጡት ሁሉ “በእጅህ እያጎረስህ አስታመሃታል” ብለውኛል። ይህን ማንም አይወስድብኝም። በእጄ ነው ያጎረስኋት። ድምፄን ከፍ አድርጌባት አላውቅም።

ሐምሌ 15

ትልቁ ድንጋዩን ነካ። ሁለቴ። ከዚያ በላ!

ሐምሌ 16

ዛሬም በላ። ትንሿ ግን ከኋላው ሆና ታያለች እንጂ አትነካም። ከመስታወቱ ፊት በርጩማ አድርጌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥሁ። አትበላም።

ሐምሌ 22

እሌኒ ደወለች። ለዘመን መለወጫ ጠቅልዬ አዲስ አበባ እንድገባ ትፈልጋለች። ለቤቱም ተከራይ አግኝታለታለች፤ አስተማሪ ነው አለች፣ ጨዋ ሰው።

“ዓሣዎቹን የት ላድርጋቸው?”

“አባባ፣ ለዓሣ ብለው ነው ብቻዎን የሚኖሩት?”

“ብቻዬን አይደለሁም። ሦስት ነን።”

“እማዬ ብትኖር ይሄን ትፈቅድ ነበር?” አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ኔትወርክ ነው ብዬ ነገ እነግራታለሁ።

በየትምወርቅ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም እንድትድን ብዬ ነው።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ጌታነሽ ገና በጠዋቱ በር አንኳኳች።

“ጋሽ ገሠሠ፣ ጾም ነው። ያንን ነገር ከማቀዝቀዣዬ ያውጡልኝ።”

“ዓሣ አይጾምም፣ ጌታነሽ።”

“እሺ እሱ ይቅር። እርስዎስ ምን ሆነው ነው? ከስተዋል እኮ።”

“እየጾምሁ ነዋ።”

“ጾሙ የገባው ዛሬ ነው። እርስዎ ከከሱ ቆይተዋል።”

ሰው ሥራውን ትቶ የሰው ጉንጭ ይለካል። ሽሪምፑ ግን እዚያው እንዲቆይ ተስማማች። ከሰዓት በኋላ በሳህን ሽሮ ላከችልኝ። ቀመስሁት።

ነሐሴ 5

እሌኒ መጣች፤ የዓመት ዕረፍት ወስዳለች። ገንዳውን ለረጅም ጊዜ አየች። “ያምራሉ” አለች። ከዚያ ስለ ተከራዩ ጀመረች። እኔም ስለ ጨው መጠን ጀመርሁ።

ማታ ወጥ ቤት ሆና በስልክ ስታወራ አልፌ ሄድሁ። “ለእናቴ የዚህን ሲሶ ትዕግሥት ቢኖረው” አለች።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። ሌላ ነገር ብላ ይሆናል።

ነሐሴ 6

ሌላ ነገር አላለችም። በደንብ ሰምቻለሁ።

ነሐሴ 8

ከቀኑ 8 ሰዓት። ከባድ ዝናብ፣ መብረቅ። መብራት ጠፋ። ምሰሶ ወድቋል አሉ። ሙቀት 25።

11 ሰዓት። 23። ፓምፑ ቆሟል፣ አረፋ የለም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ለሰውም ስስ ነው፣ ለዓሣ ደግሞ ይብስበታል። በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ አወርዳለሁ። ክንዴ!

ነሐሴ 9

መብራት የለም።

የከባድ መኪና ካላማዳሪያ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ጎማ ከሚጠግነው ከዳኜ ጎሚስታ ተዋስሁ። በእጅ መንፊያ ሞላሁት። አፉ ላይ ቤት ውስጥ የቀረውን የግሉኮስ ቱቦ ሰካሁ፤ ማጥበቂያዋን ትንሽ ላላ ሳደርጋት አየሩ በቀጭኑ ገንዳው ውስጥ ይገባል። አንዴ የተሞላው ሁለት ሰዓት ይሠራል። ሠርቷል! ከመርከቡ መሐንዲሶች አንዱ ቢኖር እጄን ይጨብጠኝ ነበር።

ገንዳውን በባና ጠቀለልሁት። የየትምወርቅ ባና ነው፣ ሌላ ወፍራም ስላጣሁ። እሌኒ ወጥ ቤት ውሃ እያፈላች በሃይላንድ እየሞላች ታመጣለች፤ ጠርሙሶቹን ገንዳው ላይ አንሳፍፋቸዋለሁ። ከሰል ወደ ክፍሉ አናስገባም፤ ጢሱ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሙቀት 22። እንደያዝነው እንቆያለን።

እሌኒ ቱቦውን አወቀችው፤ የእናቷ ነበር። መንፊያውን ከእጄ ተቀብላ መንፋት ጀመረች። በተራ እንሠራለን።

ነሐሴ 10

ትልቁ ሞተ።

ተራው የእኔ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈን ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ስነቃ ነግቷል፤ ካላማዳሪያው እንደ ባዶ ጆንያ ተኝቷል። ትልቁ ድንጋዩ ሥር በጎኑ ወድቋል። የሚበላው እሱ ነበር። ግዙፍ ስለሆነ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ቀድሞ የሚሄደው እሱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። መርከብ ላይ በተራው የተኛ ሰው ይታሰራል። እኔን የሚያስረኝ የለም።

የቀረውን በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ይህ ደብተር እስካሁን ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ሌላው ነገር እውነቱን አልያዘም።

ካላማዳሪያውን ነፍቼ፣ ድንጋዩ ላይ ሽሪምፕ ለጥፌ ለትንሿ አቀረብሁላት። አየችው። ተመለሰች። እንደገና አቀረብሁ። ተመለሰች። ያን ጊዜ መስታወቱን በመዳፌ መታሁት።

“ብዪ! ለምንድን ነው የማትበዪው? ብዪ እንጂ!”

እሌኒ በሩ ላይ ቆማለች። የፈላ ውሃ ያለበትን ሃይላንድ በጨርቅ ይዛለች።

“እማዬንም እንደዚህ ነበር የሚሏት” አለች።

ሐምሌ 9 ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ብዬ ጻፍሁ። ውሸት ነው። ሐምሌ 22 ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው አልሁ። እሱም ውሸት ነው። የጀመርሁት በየካቲት መጨረሻ ነበር። አጥሚቱን በማንኪያ ይዤ ከንፈሯ ላይ አደረግሁት። ጥርሷን ገጠመች። “ዋጪ!” አልኋት። ምልምሎቹን ከሞተሩ ጩኸት በላይ በማዝበት ድምፅ ነው ያልኋት። አፏን ከፈተች። እያየችኝ ዋጠች። ከዚያ ሁሉንም መለሰችው። በማግስቱም “ዋጪ!” አልሁ። ከዚያ ወዲያም ስንት ቀን እንዳልሁ አልመዘገብሁትም።

ይህን ሁሉ ለእሌኒ ነገርኋት። ታውቀዋለች፤ ግድግዳው ስስ ነው። ቢሆንም ከአፌ እንድትሰማው ፈለግሁ። “ለእናቴ የዚህን ሲሶ ትዕግሥት ቢኖረው ያልሽው ትክክል ነው” አልኋት።

ሃይላንዱን መሬት አስቀመጠችና የእናቷ አልጋ በነበረበት በኩል ቁጭ አለች።

“አባባ፣ እኔም ያልነገርሁዎት ነገር አለ። ሐኪሙ በጥር ነግሮን ነበር።”

“ምን ብሎ?”

“ጨጓራዋ ላይ ያለው ዕጢ መውጫውን ዘግቶታል፣ ምግብ አያሳልፍም፣ የሚደረግ ነገር የለም አለ።”

“ለእኔ ቁስለት ነው ነው ያላችሁኝ!”

“እማዬ ናት ያስማለችኝ። ‘አባትሽ የሚጠግነው ነገር ካጣ ይወድቅብሻል፤ ማንኪያውን እንዳትነጥቂው’ አለችኝ።”

“እንደማያልፍላት እያወቀች ነው የምትውጠው?”

“እያወቀች ነው።”

ሰባት ወር! አንዷ እስክትሞት፣ ሌላዋ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ዋሹኝ። ሐኪም ያወቀውን፣ ልጅ ያወቀችውን፣ ባል ብቻ አያውቅም። ባውቅ ኖሮ አጥሚቱን ደፍቼ እጇን ይዤ እቀመጥ ነበር። ወይም አልቀመጥም ነበር፤ ምናልባት እሷ እንዳለችው እወድቅ ነበር። ግን የመውደቁን ምርጫ ለኔ መተው ነበረባቸው። በሞተ ሰው ላይ መቆጣት ክልክል ከሆነ ልከሰስ። ተቆጥቻለሁ።

ይህንኑ ለእሌኒ በጩኸት ነገርኋት። እሷም ጮኸችብኝ። “እኔስ? እኔስ ማንን ልንገር? ከአንድ ክፍል የእሷን ማቃሰት፣ ከሌላው የእርስዎን ጩኸት እየሰማሁ ቁጭ ያልሁት እኔ ነኝ!” አለች። ይህን አላሰብሁትም ነበር። እንዴት አላሰብሁትም?

ዶማ አንሥቼ ጓሮ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ከጎመኑ መደብ የምድር ትል ቆፈርሁ፤ እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላውን ሁሉ እምቢ ብሎ ትል ሲቀምስ አይተናል ብለው ዓሣ አጥማጆቹ ለፈለቀ ነግረውት ነበር። እስክርስ ቆፈርሁ። ተመልሼ በጨው ውሃ አጠብሁት፣ ከሽሪምፑ ጋር አደቀቅሁት፣ የድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ወተፍሁት።

ሁልጊዜ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ እመለከታት ነበር። ዛሬ በርጩማውን ይዤ ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁት።

ነሐሴ 11

መብራት የለም። ሙቀት 22።

ድንጋዩ ባዶ ነው! ውሃው አጥቦት ይሆናል ብዬ እንደገና ወተፍሁና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። እሌኒ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀች።

“አባባ” አለች በሹክሹክታ፣ “እየበላች ነው። ይምጡ ይዩ።”

“ተያት” አልሁ። አልሄድሁም። መሄድ ፈልጌ ነበር።

ነሐሴ 12

ከቀኑ 5 ሰዓት መብራት መጣ። ፓምፑ ሲነሣ እሌኒ አጨበጨበች። ከሰዓት በኋላ ትልቁን ጓሮ ቀበርነው።

ነሐሴ 19

ትንሿ በቀን ሁለት ጊዜ ትበላለች፤ ሰው ከሌለ። ጀርባዋ ላይ ያለው ጉድጓድ እየሞላ ነው። እኔም በበሩ ስር በሚወጣው ብርሃን ጥላዋን ማየት ለምጃለሁ።

እሌኒ ዛሬ ሄደች። መኪና ስንጠብቅ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ልነግራት ጀመርሁ።

“ቤቱ አይከራይም።”

“እሺ።”

“አዲስ አበባም አልገባም። ለመስቀል አንቺ ትመጫለሽ።”

“እሺ አባባ።”

ይህን ያህል ቶሎ እሺ ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም። የተዘጋጀሁበት ብዙ ክርክር ነበረኝ፤ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጡረታዬ። አንዱንም ሳልጠቀምበት መኪናው መጣ። ሊነሣ ሲል በመስኮቱ “አሁንም ተቆጥቻለሁ” አልኋት። “እኔም” አለችኝ። እጄን ስማ ሄደች።

ነሐሴ 27

ከገበያው ሰዎች አንዱ መጣ፤ ጠብሶ አይበላቸውም እንዴ ያለው። ጫማውን አራግፎ ገባ። በስንጥቁ አጮልቆ አየና “ወርቅ ትመስላለች” አለ። እንዴት ደጋ ላይ እንደምትኖር ጠየቀኝ። እስኪሰለቸው ነገርሁት።

ፈለቀም አንድ ሌላ ላምጣልዎ ይላል። አይሆንም አልሁት። ከባሕሯ ያራቅኋት እኔ ነኝ፤ ለአንዷ በቅጡ ልድረስላት።

መስከረም 3 ቀን 2017

ዛሬ እሌኒ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ከኋላዋ የሰው ጫጫታና የማኅተም ድምፅ ይሰማል። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ “በላች?” አለችኝ።

“በልታለች።”

“እርስዎስ?”

“እኔም። ካላመንሽ ጌታነሽን ጠይቂ፤ እንደ ወታደር ቀለብ በሰዓቱ ነው የምታቀርብልኝ። አንቺስ?”

“እኔ ገና ነኝ አባባ። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፉ አላለቀም። ምግቡም አላሰኘኝም።”

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ድምፅዋ ደክሟል። “ብዪ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። መለስሁት።

“እሺ” አልኋት፤ “ሲርብሽ።”